ሠራተኛን ያለ ውለታ ማክበር፦ ለክፍል ኃላፊዎችና ለፈረቃ መሪዎች የቀረበ መመሪያ

በብዙ መሥሪያ ቤቶች የፈቃድ ጥያቄ የሚቀርብበት መንገድ አንድ ዓይነት ነው። ሠራተኛው በሩን ቀስ አድርጎ ከፍቶ፣ ትከሻውን ሰበር አድርጎ፣ አለቃው ከወረቀቱ ቀና እስኪል ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያም «ይቅርታ፣ ካላስቸገርሁዎት» ብሎ ይጀምርና አያቱ እንደሞቱ፣ ቀብሩ ገጠር እንደሆነ፣ ሥራውን ለጓደኛው አስረክቦ እንደሚሄድና ሲመለስ እንደሚያካክስ በልመና ድምፅ ያስረዳል። አለቃው ጥቂት ካሰበ በኋላ «እሺ፣ ለአንተ ስል ነው» ይለዋል፤ ሠራተኛውም እጅ ነሥቶ ይወጣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ አያት ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ ከክፍያ ጋር የሦስት የሥራ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። አለቃው የሰጠው የራሱን ነገር አልነበረም፤ ሠራተኛው ግን ባለ ዕዳ ሆኖ ወጣ።

እኔም በአንድ ማተሚያ ቤት የጥረዛ ክፍልን በመራሁባቸው ዓመታት «ለአንተ ስል ነው» የሚለውን ቃል ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ፤ ደግ አለቃ የሆንሁም ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ሥራ የተማርሁትና በዚህ መመሪያ ላካፍለው የምፈልገው ነገር ይህ ነው፦ ሠራተኛ ቤት፣ ሐዘን፣ ሃይማኖት፣ ዕዳ፣ ሕመምና ክብር ያለው ሰው መሆኑን ማወቅ መነሻ ብቻ ነው፤ ያ እውቀት ወደ ቋሚ አሠራር ካልተለወጠ በአለቃው የዕለት ስሜት የሚወጣና የሚወርድ ችሮታ ሆኖ ይቀራል። ችሮታ ውለታ ያስይዛል፤ ውለታ የተያዘበት ሰው ደግሞ አለቃውን «አይሆንም» ለማለት አንደበቱ ይታሰራል። ከዚህ በታች የማቀርባቸው ምክሮች በሙሉ አንድ ዓላማ አላቸው፤ እርሱም ሠራተኛው የሚገባውን ክብርና እንክብካቤ ሳይለምንና ሳይወደስበት የሚያገኝበትን መንገድ ማበጀት ነው።

በቅድሚያ ሕጉን ማወቅና ማሳወቅ

የመጀመሪያው ሥራ ከጠረጴዛ አይርቅም። ከአዋጁ ውስጥ ለሠራተኛው ዕለታዊ ኑሮ ቅርብ የሆኑትን ድንጋጌዎች በአንድ ገጽ፣ ቀላል በሆነ አማርኛ ወይም ሠራተኞችዎ አቀላጥፈው በሚያነቡት ቋንቋ ጽፈው የመግቢያ ፊርማ በሚፈረምበት ቦታ ይለጥፉ። በገጹ ላይ የሚከተሉት እንዲሰፍሩ እመክራለሁ። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ሲሆን ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ የሥራ ቀን ይታከልበታል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ታርፋለች፤ አባት ደግሞ ከሙሉ ክፍያ ጋር ሦስት ተከታታይ ቀናት ይሰጠዋል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሕመም ምክንያት መሥራት ካልቻለ የመጀመሪያውን አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ለሚገጥመው ሠራተኛም እስከ አምስት ተከታታይ ቀናት የሚደርስ ያለ ክፍያ የሆነ ፈቃድ በበጀት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈቀድለታል። ማንበብ የሚከብደው ሠራተኛ መኖሩን ከጠረጠሩ እርሱን ለይተው ከመጥራት ይልቅ ሁሉንም ሰብስበው ገጹን ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።

የፈቃድ መጠየቂያው ቅጽ አጭር ይሁን። የምክንያቱ ቦታ አንድ መስመር ከሆነና «ለግል ጉዳይ» የሚለው መልስ ለዓመት ፈቃድ በቂ መሆኑ ከታወቀ፣ ሠራተኛው የቤቱን ገመና በአለቃው ፊት ለመዘርዘር አይገደድም። መልሱ መቼ እንደሚሰጥ አስቀድመው ይወስኑ፤ ለምሳሌ ከሰዓት በፊት ለገባ ጥያቄ በዚያው ቀን ከሥራ መውጫ በፊት መልስ መስጠት ለአብዛኞቹ ክፍሎች የሚቻል ነው። ሥራ የሚበዛበትን ወቅትም ቀድመው ያስታውቁ። በማተሚያ ቤት ነሐሴና ጳጉሜን የመማሪያ መጻሕፍት፣ የደብተርና የቀን መቁጠሪያ ሥራ ስለሚደራረብ ፈቃድ ለመስጠት አስቸጋሪ ናቸው፤ ስለዚህ እኛ የበጀት ዓመቱ በሐምሌ ሲጀምር ሠራተኞቹ የሚመርጡትን የፈቃድ ጊዜ ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ላይ እንዲጽፉ እናደርግ ነበር። ሁለት ሰዎች አንድን ሳምንት ከመረጡ ባለፈው ዓመት ቅድሚያ ያላገኘው ይቀድማል። ጥያቄውን መከልከል ግድ ሲሆን ምክንያቱን ይናገሩና ሌላ ቀን ያቅርቡ፤ ሲፈቅዱ ደግሞ «ለአንተ ስል ነው» የምትለዋን ሐረግ ይተዉዋት። «ተፈቅዷል፣ በሰላም ግባ» ማለት ይበቃል።

አጠራር ከጥበቃው ክፍል ይጀምራል

አማርኛ ሰውን ሳያከብሩ ወይም ሳያቃልሉ መናገርን የማይፈቅድ ቋንቋ ነው፤ አንድ ግስ በተናገርን ቁጥር «አንተ»፣ «አንቺ» ወይም «እርስዎ» ብለን መምረጣችን አይቀርም። የመሥሪያ ቤቱን የክብር ልክ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሥራ አስኪያጁ የሒሳብ ኃላፊውን እንዴት እንደሚጠራ መስማት አያስፈልገውም፤ የ28 ዓመቱ ኃላፊ የ60 ዓመቱን የጥበቃ ሠራተኛ በሩን እንዲከፍቱለት ሲጠይቅ የሚጠቀምበትን ግስ ማዳመጥ ይበቃዋል። በአንድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሁለት ሴቶች አንዷ ዲግሪ ስላላት «እርስዎ»፣ ሌላዋ ወለል ስለምትወለውል «አንቺ» ከተባሉ፣ በዚያ ቤት አንቱታ የሚሰጠው ለወረቀት ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ለራስዎ አንድ መለኪያ ይያዙና በሁሉም ላይ እኩል ይጠቀሙበት፤ መለኪያው ዕድሜም ሆነ ትውውቅ ሊሆን ይችላል፣ የሥራ መደብ ግን መሆን የለበትም። የሰዎችን ስም አጥንተው ይያዙ። «ጽዳቷን ጥሩልኝ»፣ «ተላላኪው የት ሄደ?» የሚሉት አነጋገሮች ሰውየውን ከሥራው ጋር አጣብቀው ስሙን ይቀሙታል። «ጋሼ»፣ «እትዬ» ወይም «አባባ» ተብለው መጠራት የሚወዱ እንዳሉ ሁሉ «አቶ» እና «ወይዘሮ» ተብለው ከነስማቸው መጠራት የሚመርጡም አሉ፤ አንድ ጊዜ መጠየቅ ማንንም አያሳፍርም።

ማወቅና መመርመር የተለያዩ ናቸው

ሠራተኛን እንደ ሙሉ ሰው ማየት ሲባል ስለ ሕይወቱ ሁሉን ነገር መጠየቅ የሚመስላቸው ቅን አለቆች አሉ። በእኛ ባህል ይሉኝታ ስላለ ሠራተኛው አለቃው ለጠየቀው ሁሉ መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት ሆኖ ይሰማዋል፤ ይህን ስሜት ተጠቅሞ ወደ ሰው ቤት መግባት ደግሞ ከአሳቢነት አይቆጠርም። ልኩ ምን ያህል እንደሆነ ለመለየት የሚረዳ አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህን ባውቅ በሥራው ላይ የምለውጠው ነገር አለ? የሚለውጡት ነገር ከሌለ አይጠይቁ።

«ሰላም ነው? ቤተሰብ ደህና?» የሚለው ሰላምታ አስፈላጊ ነው፤ መልሱ ግን ሁልጊዜ «ይመስገን» ስለሆነ መረጃ አይሰጥም። ችግር እንዳለ የጠረጠሩ እንደሆነ «ምን ሆነሃል?» ከማለት ይልቅ ሁለት ምርጫ ያለው የሥራ ጥያቄ ያቅርቡ። «ለሚቀጥለው ወር የጠዋቱ ፈረቃ ይሻልሃል ወይስ የከሰዓቱ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሚስቱ መታመሟን ሳይናገር የሚያስፈልገውን ማግኘት ይችላል። ማርፈድም እንዲሁ ነው። ባለፉት ዓመታት ብዙ የአዲስ አበባ ሠራተኞች ከመሀል ከተማ ወደ ዳር የኮንዶሚኒየም መንደሮች ሄደዋል፤ ሁለት ጊዜ ታክሲ የሚቀያይርና በየሰልፉ የሚቆም ሰው በክረምት የሚያረፍደው ስንፍና ይዞት ላይሆን ይችላል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት ከየት እንደሚመጣና ከስንት ሰዓት ጀምሮ መንገድ ላይ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ሥራው የሚፈቅድ ከሆነ በግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ገብቶ በግማሽ ሰዓት ዘግይቶ የሚወጣበትን መንገድ ያመቻቹለት። ይህ ዕድል ለአንዱ ከተሰጠ በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ላለው ሌላ ሠራተኛም እንዲሰጥ በጽሑፍ ይያዝ፤ ካልተጻፈ ተመልሶ ውለታ ይሆናል።

ፈጽሞ የማይጠየቁ ጥያቄዎችም አሉ። «አገርህ ወዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ በአንድ ዘመን የጨዋታ መክፈቻ ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙ ሰው ሲሰማው ከጥያቄው ጀርባ ምን እንዳለ ያሰላል፣ በአለቃ አፍ ሲሆን ደግሞ ያስፈራል። የማግባት ዕቅድን፣ የመውለድ ዕቅድንና ሰው የሚያመልክበትን ቦታ መጠየቅም እንዲሁ ለሥራው አንዳች አይጨምርም።

በምስጢር የተነገረዎትን ነገር ለምስጋና እንኳን አይጠቀሙበት። አንድ ኃላፊ በስብሰባ ላይ «እናቷን ሌሊት እያስታመመች እንኳ ቀድማን ትገባለች» ብሎ አንዲት ሠራተኛን ሲያመሰግን ሰምቻለሁ። ሁሉም አጨበጨበ፤ እርሷ ግን ራሷን ደፍታ ቀረች። የእናቷን ሕመም ለእርሱ የነገረችው የሌሊት ፈረቃ እንዳይመድባት ብላ እንጂ አርባ ሰው እንዲያዝንላት አልነበረም። የአእምሮ ሕመም ሲሆን ጥንቃቄው ይብሳል። «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም በብዙ ቦታ መቀለጃ ሆኗል፤ ሕክምና የሚከታተል ሠራተኛ ይህን ቀልድ ከሥራ ጓደኞቹ አፍ ሲሰማ መድኃኒቱን ደብቆ ከመዋጥ አልፎ ቀጠሮውን ሊተው ይችላል። እንዲህ ያለውን ቀልድ በክፍልዎ ውስጥ ሲሰሙ ዝም ብለው አይለፉት፤ የሕክምና ቀጠሮ ቀንም ለማንኛውም ሕመም በአንድ ዓይነት ቅጽ ይጠየቅ።

መርዶና ለቅሶ

አለቃ ከሚገጥመው ሁሉ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር አላውቅም። በእኛ አገር የሞት ዜና እንደ ማንኛውም ወሬ አይነገርም። መርዶ ወግ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ በማለዳ፣ በቤት ውስጥ፣ ቅርብ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰውየው ቢወድቅ የሚደግፈው፣ ቢጮኽ የሚያቅፈው ሰው ባለበት ይነገራል። ችግሩ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደውለው ወደ መሥሪያ ቤት መሆኑ ነው፤ ያን ጊዜ ነገሩ በእርስዎ እጅ ይወድቃል።

ስልኩን ሲቀበሉ በመጀመሪያ የደወለው ሰው ማን እንደሆነ፣ ለሠራተኛው ምን እንዲነገረው ቤተሰቡ እንደሚፈልግና መርዶውን ማን፣ መቼ፣ የት እንደሚያረዳ ይጠይቁ። ከዚያም ነገሩን የሚያውቀውን ሰው ቁጥር በእርስዎና ቢበዛ በአንድ ሌላ ሰው ይወስኑ፤ ወሬው በሥራ ቦታው ከተሰራጨ ሠራተኛው ከሰዎች ፊት ላይ ያነበዋል። በማሽን ላይ ወይም በመሪ ላይ ያለ ሰው ከሆነ ሰበብ ፈልገው ከዚያ ያንሡት። ወደ ቤቱ ብቻውን አይላኩት፤ የሚቀርበው አንድ የሥራ ባልደረባ እስከ ቤቱ በር ድረስ ይሸኘው፣ የመጓጓዣውንም ወጪ መሥሪያ ቤቱ ይቻል። እርስዎ ራስዎ የማርዳት ኃላፊነት የለብዎትም፤ ቤተሰቡ ካልለመነዎት በቀር አያድርጉት። ሠራተኛው ገምቶ ፊት ለፊት ቢጠይቅዎት ግን አይዋሹት፤ «ከቤት ቶሎ እንድትመጣ ብለዋል፣ አብሮህ የሚሄድ ሰው አዘጋጅቻለሁ» ማለት ከሐሰት ይጠብቅዎታል፣ ወጉንም አያፈርስም።

በቀጣዩ ቀን ለቅሶ መድረስ በአብዛኞቹ መሥሪያ ቤቶች የታወቀ ነው፤ የሚጎድለው ሥርዓት ነው። ለሥራ አስኪያጁ እናት ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሲሄድ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ ሦስት ጓደኞቿ ብቻ ከሥራ በኋላ በእግራቸው ሲሄዱ ያየ ሠራተኛ ሁሉ የራሱን ዋጋ በልቡ ይመዝናል። ስለዚህ ማን ቢሞትበት ስንት ሰው፣ በምን ተሽከርካሪ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚሄድና ከመሥሪያ ቤቱ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ተወስኖ ይጻፍ፤ መጠኑም ለሁሉም እኩል ይሁን። ለእስልምና ተከታዩም ለክርስትና ተከታዩም ቀብሩ የሚፈጸምበት ፍጥነትና የሐዘኑ ሥርዓት ስለሚለያይ በሰዓቱ ለመድረስ ቤተሰቡን ጠይቆ መሄድ ይገባል።

ሦስቱ ቀናት ካለፉ በኋላ ሰውየው ይመለሳል፤ ልቡ ግን ገና ድንኳኑ ውስጥ ነው። ገጠር ሄዶ ለመቅበር ሦስት ቀን እንደማይበቃ የሚታወቅ ስለሆነ፣ ከዓመት ፈቃዱ ወይም ያለ ክፍያ ከሚሰጠው ፈቃድ መጨመር እንደሚችል እርሱ ሳይጠይቅ በፊት እርስዎ ይንገሩት። በተመለሰበት ሳምንት መቁረጫ ማሽን ላይ አይመድቡት፤ የደከመና ያልተኛ ሰው ጣቱን የሚያጣበት ቦታ ነው። ስለ አርባው ወይም ስለ ተዝካሩ ቀንም አስቀድመው ጠይቀው በፈረቃ ሰሌዳው ላይ ምልክት ያድርጉ።

ስሕተትን ማረም

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ግምገማ የሚባል ልማድ ሥር ሰድዷል፤ ሰው በባልደረቦቹ መካከል ተነሥቶ ስሕተቱ ሲዘረዘርበት መዋል እንደ ግልጽነት ይቆጠራል። እኔ ግን ከዚህ ልማድ የተጠቀመ ክፍል አላየሁም። በሰው ፊት የተዋረደ ሠራተኛ የሚማረው ስሕተትን አለመሥራትን ሳይሆን ስሕተትን መደበቅን ነው። በቴሌግራም ቡድን ላይ ያረፈዱ ሰዎችን ስም ዝርዝር መለጠፍም ይኸው ግምገማ በሌላ መልኩ ነው።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። አንድ ቀን የታጠፉ ወረቀቶች ቅደም ተከተል ተዛብቶ 600 ያህል መጻሕፍት ከተጠረዙ በኋላ ተበላሹ። ሥራውን የሠራውን ወጣት በሰልፍ ባሉት ጓደኞቹ ፊት ጮኽሁበት፤ «ዓይን የለህም ወይ?» አልሁት። አንዲት ቃል አልመለሰም። ከዚያ በኋላ ለወራት ከክፍሉ አንድም የስሕተት ሪፖርት አልመጣልኝም፤ ስሕተቶቹን የሚነግሩን መጻሕፍቱን የገዙት ደንበኞች ሆኑ። ኋላ ላይ አንዲት አንጋፋ የጥረዛ ሠራተኛ ወደ እኔ መጥታ እውነቱን ነገረችኝ። ወጣቱ ያን ቀን ሁለት ፈረቃ በተከታታይ ሠርቶ ነበር፤ ሁለተኛውን ፈረቃ እንዲሠራ የጠየቅሁትም እኔ ራሴ ነበርሁ። ደክሞት ሳለ ለምን እሺ እንዳለ ስጠይቃት «ከሁለት ሳምንት በፊት ለለቅሶ ፈቅደውለት የለ? በምን አፉ አይሆንም ይበል?» አለችኝ። በሕጉ መሠረት የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ እኔ ግን የአዋጁን ፈቃድ እንደ ስጦታ ሰጥቼ፣ የአዋጁን ገደብ በዚያው ስጦታ አስጥሼ ነበር። ይቅርታ የጠየቅሁት በጮኽሁበት ቦታ፣ በጮኽሁባቸው ሰዎች ፊት ነው፤ በሰው ፊት የተወሰደ ክብር በጓዳ አይመለስም።

ከዚያ ወዲህ የያዝሁትን አካሄድ ላስቀምጥ። እርማቱን በዚያው ቀን፣ ለብቻ፣ በር ተዘግቶ ያድርጉ፤ ሴት ሠራተኛ ከሆነችና በተዘጋ ክፍል ከወንድ አለቃ ጋር ብቻዋን መሆን የማይመቻት ከሆነ በመስተዋት የሚታይ ቦታ ወይም ሁለተኛ ሴት ኃላፊ ያለችበትን ይምረጡ። ያዩትን ነገር ብቻ ይናገሩ፤ «ግዴለሽ ነህ» የሚለው ፍርድ ነው፣ «የሦስተኛው ጥቅል ገጾች ተገልብጠዋል» የሚለው ግን የታየ ነገር ነው። ቀጥለው «ማን አደረገው?» ሳይሆን «እንዴት ሆነ?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። ዝምታው ሊከብድዎ ይችላል፤ ይታገሡት፣ ምክንያቱ የሚወጣው ከዝምታው በኋላ ነው። አምፖል መቃጠሉ፣ ትእዛዙ በቃል ብቻ መሰጠቱ፣ ማጣበቂያው መቀየሩ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። በመጨረሻ ነገ ምን እንደሚለወጥና መቼ እንደምትመለከቱት ተስማምታችሁ ትለያላችሁ።

ጥፋቱ ከባድ ከሆነና በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት ካስፈለገ ያድርጉት፤ አክብሮት ማለት ሥራን ማላላት ማለት አይደለም። ደብዳቤውን ግን በእጁ ይስጡት፣ ይዘቱን አብረው ያንብቡት፣ መልሱን በጽሑፍ የሚያቀርብበትን ጊዜ ይንገሩት፤ በጥበቃ ክፍል በኩል እንዲደርሰው አያድርጉ። ተደጋጋሚ ስንፍናን በይሉኝታ ማለፍም ድርሻውን ደርቦ የሚሸከመውን ጎበዝ ባልደረባ መናቅ ነው።

ብድርና መዋጮ

የወር አጋማሽ ሲደርስ አለቃውን ለብቻው ጠርቶ «ትንሽ ገንዘብ ይኖርዎታል?» የሚል ሠራተኛ አይጠፋም። ከኪስዎ ከሰጡት ግንኙነታችሁ ይበላሻል፤ እርሱ ሊሸሽዎት ይጀምራል፣ እርስዎም ሲያርሙት ገንዘቡ ትዝ ይልዎታል። የሚሻለው መሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ቅድሚያ የሚሰጥበት የተጻፈ ደንብ እንዲኖረው ማድረግ ነው፤ ጣሪያው ስንት እንደሆነ፣ በስንት ወር እንደሚመለስና በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ ይታወቅ፣ ጥያቄውም ለአለቃው ሳይሆን ለሒሳብ ክፍል ይቅረብ። ከደመወዝ የሚቆረጠው ጠቅላላ ገንዘብ ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ አዋጁ ገደብ ማስቀመጡንም ያስታውሱ።

መዋጮ ደግሞ ማንም የማያየው ሸክም ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሠርግ፣ አንድ ልደትና አንድ ለቅሶ ሲገጥም፣ ስምና መጠን የሚጻፍበት ወረቀት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞራል፤ ዝቅተኛ ተከፋዩ ከላይ የተጻፈውን 500 ብር አይቶ 100 ብር ለመጻፍ ያፍራል፣ የታክሲውንም ጨምሮ ይሰጣል። ወረቀቱን ያስቀሩና ስም የማይጻፍበት ፖስታ ያዙሩ፤ ወይም እንደ እድር በየወሩ ሁሉም የሚችለው ትንሽ መጠን ከፈቃደኞች ተሰብስቦ ለሁሉም እኩል ይከፈል።

ጾም፣ ጸሎትና የዕረፍት ሰዓት

ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ረመዳን ደግሞ 29 ወይም 30 ቀን ይወስዳል፤ ሁለቱም ቀናቸው ስለሚታወቅ በሥራ ዕቅድ ውስጥ አስቀድሞ መግባት ይችላሉ። በረመዳን የሚጾም ሠራተኛ በፈቃዱ የጠዋት ፈረቃ እንዲይዝ ዕድል ይሰጠው፤ የግድ ምሽት ላይ ከሆነ ለማፍጠሪያ የሚሆን ዕረፍት በሰሌዳው ላይ ይጻፍለት። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዓርብን የምሳ ሰዓት የሚያረዝሙት ለጁምዓ ሶላት እንዲያመች ነው፤ የግል መሥሪያ ቤትም ይህን ማድረግ አያቅተውም። ለስብሰባ ምግብ ሲታዘዝ ረቡዕና ዓርብን መርሳት፣ የሚጾመውን ሰው ዳቦና ሻይ ይዞ ጥግ ላይ ያስቀምጠዋል።

ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚላክ መልእክትም እዚሁ ላይ ይነሣ። ምሽት 3 ሰዓት ላይ በቴሌግራም «ነገ ጠዋት ይደርሳል?» ብሎ የሚጠይቅ አለቃ መልስ ባይጠብቅ እንኳ ሠራተኛው ከልጆቹ መካከል ተነሥቶ ይመልሳል። ሐሳቡ እንዳይጠፋብዎት በማስታወሻዎ ይጻፉትና ጠዋት ይላኩት። እውነተኛ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር ይደውሉ፤ የሠራበትንም ሰዓት እንደ ትርፍ ሰዓት ይመዝግቡ። ክፍያው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ደመወዝ 1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 ተባዝቶ ይታሰባል።

ስንብት

ሰው ከሥራ የሚወጣበት ቀን በክፍሉ የቀሩት ሠራተኞች ሁሉ የሚያዩት ቀን ነው። ውሉ በማስጠንቀቂያ የሚቋረጥ ከሆነ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላገለገለ ሦስት ወር አስቀድሞ መነገር አለበት፤ ዜናውን የሚነግሩት እርስዎ ራስዎ ይሁኑ፣ ዓርብ ማታም አይምረጡ፤ ጥያቄ የሚጠይቅበት ሰው ሳያገኝ ሁለት ቀን ይውላል። ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲጠናቀቅ ከሒሳብ ክፍል ጋር ቀድመው ይነጋገሩ። የሠራውን ሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጸው የሥራ ልምድ ማስረጃ ያለ ክፍያ የሚሰጥ መብቱ ስለሆነ፣ እስኪለምን ሳይጠብቁ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት በመጨረሻው ቀን ያስረክቡት። ዕቃውን ሲሰበስብ ከኋላው ሰው አያቁሙበት፤ ባልደረቦቹን ተሰናብቶ እንዲወጣ ጊዜ ይስጡት። የጎደለ ወረቀት ካለና ሌላ ቀን መምጣት ካለበትም ስሙንና የሚመጣበትን ቀን ለጥበቃዎቹ ይንገሯቸው፤ ለዓመታት በገባበት በር ላይ «ማን ልበል?» ተብሎ በፀሐይ እንዳይቆም።